በጧፍ የተጠቀለለችው ገመድ

የሬዲዮ ዕቃ የማኖርበትን ሣጥን ሰሞኑን ስከፍተው የጧፍ ሽታ አወደኝ። ከታች አንድ ክንድ የማትሞላ ገመድ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ሰሟ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ እስካሁን አለ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው። ያኔ ላሊበላ ላይ ሬዲዮ እጠግን ነበር፤ ትምህርቴ ከአራተኛ ባያልፍም እጄ አያሳፍረኝም። ታናሽ ወንድሜ ደጀን ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊለኩ ለመጡ እንግዶች ሜትር ይይዝላቸው ነበር። ደጀን ከሕፃንነቱ ሲስቅ ግራ ጉንጩ ብቻ ስርጉድ ይላል፤ ልጆች ሳለን ጣቴን እዚያ እየከተትሁ አስለቅሰው ነበር። እንግዶቹ ሄዱ፤ እሱም በዓመቱ ታሞ ዐረፈ። አንድ ፎቶ እንኳ አልነበረንም።

ኋላ እንግዶቹ ይሠሩበት የነበረው ቢሮ ጸሐፊ፣ እንግዶቹ ትተውት በሄዱት ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ የደጀን ምስል እንዳለ ነገረን። ግን ስክሪኑ ተቃጥሏል፤ በምትኩ የተገኘው ስክሪን ደግሞ መሰኪያው አይገጥምም። ይህን ከሰማች ወዲህ እናቴ እህል አልወርድ አላት።

የተቃጠለውን ስክሪን ገመድ ቆርጬ ከሌላኛው ገመድ ጋር፣ ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ በእርሳስ እየበየድሁ ቀጠልሁት። የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር ስላጣሁ መጋጠሚያውን በጧፍ ጠቀለልሁት። በሦስተኛው ቀን ስክሪኑ በራ። ሰው ታየ፤ ግን ሁለመናው እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው፤ ቀዩና ሰማያዊው ሽቦ በደንብ አልተያያዙም ማለት ነው።

እናቴ ከበሩ ደርሳ ኖሯል። ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዞርሁት።

«ትንሽ ታገሺ እማዬ፣ መልኩ ይስተካከል።»

«እኔ የወለድሁትን መልክ አንተ ልታስተካክል ነው? አረንጓዴም ይሁን፣ አሳየኝ!»

«አሁን፣ አሁን» አልኋት። ገርጥቶ ስታስታምመው ነበርና ደግማ ገርጥቶ እንድታየው አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ጸሐፊው ቆሞ እያየኝ በእጄ ሥራ ማፈሬም ነበረበት።

ጸሐፊው «አሮጌ ስለሆነ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል» ስላለኝ፣ ሳላጠፋው መበየጃውን ወደ ቀዩ ሽቦ አስጠጋሁ። ሰሙ ቀለጠ፤ ሽቦዎቹ ተነካኩ፤ ጠሽ አለና ጨለመ። ያ ኮምፒውተር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ወደ ቤት ስንወርድ ክንዴን ይዛ፣ «መቼስ አንተ አይተኸዋል። ጉንጩ ስርጉድ ብሎ ነበር?» አለችኝ።

ዓይኔ ቀለሙ ላይ ነበር፤ ፊቱን ልብ ብዬ አላየሁትም።

«ስርጉድ ብሎ ነበር» አልኋት።

እስክትሞት ድረስ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ እዚያ ውስጥ እየሳቀ ነው ያለው» እያለች ታወራ ነበር፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ በየስልካቸው የእኔን ፎቶ ስንት እንዳደረሱት አላውቅም። የደጀንን ፊት ግን ላስታውሰው ዓይኔን ስጨፍን፣ ያ አረንጓዴ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።