የታ እና የጣ ነገር

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። አሜሪካኖች ደግሞ የላስቲክ ሣጥን ጫካ ውስጥ ይደብቁና ሌላ ሰው እንዲፈልገው ቦታውን ስልክ ላይ ያወጣሉ። ፈላጊው ሲያገኘው ውስጡ ያለው ደብተር ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ከዚያ መልሶ እዚያው ይደብቀዋል። አለቀ። ጂኦካሺንግ ይሉታል። ልጄ መጀመሪያ ስትነግረኝ «ካሽ» የምትለዋ ብቻ ጆሮዬ ገብታ ብር የተቀበረ መስሎኝ ነበር። እሱ ቢሆንማ አካፋ ይዤ እቀድማት ነበር።

ልጄ ሳን ሆዜ ቢሮ ትሠራለች። እኔ ኦክላንድ እኖራለሁ፣ በርክሌ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ። በኦክቶበር አንድ ሣጥን የተደበቀበት ተራራ አብረን እንሂድ ስትለኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ውዬ በኦፍ ቀኔ ላስቲክ ፍለጋ አልወጣም አልኳት። ለገናም ጠየቀችኝ፤ ሳቅሁባት። በመጋቢት፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ እሺ አልኩ። ለሣጥኑ ብዬ አይደለም። አራት ሰዓት መኪና ውስጥ ስንቀመጥ ምናልባት በአማርኛ ታወራኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ይሄን ላስረዳ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ከሬድውድ ሲቲ አንድ ትልቅ ሰው እንግዳ ሆነው ቤታችን መጡ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። እንዳስተማርኳት ጎንበስ ብላ «እንኳን ደህና መቱ» አለቻቸው። ሰውዬው ማንን እንደመቱ ጠየቋት። ቤት የነበረ ሌላ እንግዳ ቀበል አድርጎ መቱማ ኢሉባቦር ናት፣ ልጅቷ አገሯን ታውቃለች አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። በዚያ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጅ አወራሁት፣ ፀጉር ቤት አወራሁት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሷኑ አጠገቤ አስቀምጬ አወራሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዲት የአማርኛ ቃል አልወጣትም። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የሥራ ነው። በሽተኛ አገላብጥበታለሁ እንጂ ልጅ አላባብልበትም።

መንገዱን ሁሉ ያው ነበር። እኔ ስለ አክስቷ ጤና አነሳለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ትልና ጂፒኤሷን ታያለች። ተራራው ላይ ስንደርስ ሰው የማይኖርበት አገር ፓርኪንግ ጠፋ። ሞልቷል። ደህና ቤት፣ ደህና ሂተር እያለው በረዶ ላይ ቆሞ ቀዝቃዛ ሳንድዊች የሚገምጥ ሕዝብ። ውሻቸው እንኳ አራት ጫማ አድርጓል። እኛ ስንት ዓመት ከብርድ ለማምለጥ ኪራይ የምንከፍለው ለምን ይሆን አልኩ በሆዴ።

ልጄ ጫማዬ ሥር ሁለት ወንፊት የሚመስል ነገር አሰረችልኝ። በረዶ ውስጥ እንዳልሰምጥ ነው አሉ። እግሬን ከፈት አድርጌ እንድራመድ አስተማረችኝ። ሃምሳ ዓመት ስራመድ የኖርኩ ሴት እንደገና እግር ተከልኩ። መቶ እርምጃ ሳልሄድ አንዱን ወንፊት በሌላው ረገጥኩትና በአፍጢሜ ተደፋሁ። ቀና ስል ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። በረዶውን ከፊቴ ጠረገችልኝና አነሳችኝ። ሰው ሲወድቅ የማይስቅ ልጅ ከማን ወገን እንዳመጣሁ እንጃ፣ ከኔ እንዳልሆነ ግን የታወቀ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ስልኳ እዚህ ነው አለ። ዙሪያው ዛፍ ብቻ ነው። እሷ እጇን ኪሷ ከታ ቆመች፤ አንቺ ፈልጊው አለችኝ በእንግሊዝኛ። ይኸውልሽ፣ አሳዳጊሽን በረዶ ታስቆፍሪያለሽ እያልኩ፣ እየተራገምኩ፣ ቅርንጫፍ ሁሉ አራገፍኩ። በረዶው አንገቴ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ዛፍ ጀርባ፣ ደረቴ ላይ በሚደርስ ከፍታ፣ ምሳ ዕቃ የሚያህል አረንጓዴ ሣጥን በሽቦ ታስሯል። ለዚህ ነው አራት ሰዓት የነዳነው? ከፈትኩት። አንድ የላስቲክ ዳይኖሰር፣ አንድ ቁልፍ የሌለው የቁልፍ ማያዣ፣ እርሳስ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር። ቆሻሻ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ እዪ አለችኝ።

የኛ ፊደል ነው። አንደኛ ክፍል ልጅ እንደሚጽፈው በትልልቁ፣ ተጭና፦ «እማዬ እንኳን ደህና መታሽ»። ቀኑ የኦክቶበር ነው። ሣጥኑን የሰቀለችው እሷ ናት፣ መጀመሪያ በጠየቀችኝ ሰሞን። ከጽሑፉ ሥር አንድ መስመር ባዶ ተትቷል። ከዚያ በታች ክረምቱን የመጣ የማላውቀው ፈረንጅ ሁሉ ፈርሟል። አንዱ ይሄ የምን አገር ጽሑፍ ነው ብሎ ጠይቋል። ባዶዋን መስመር ግን አንዱም አልነካትም።

ሳቁ መጣብኝ። አልዋሽም፣ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። ቀና ስል ፊቴን እያየች ነው።

«ልክ ነው?» አለችኝ። በአማርኛ።

ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስንስቅ ምኑ ላይ እንደተሳሳተች የነገራት አንድ ሰው የለም። እንደሚሳቅባት ታውቃለች፤ በምን እንደሚሳቅባት አታውቅም። እኔ እናቷ ጨዋታውን ለስንት ሰው ሳወራ ፊደሏን አላሳየኋትም። ሌላውን ሥራ ፈት የምለው እኔ ነኝ እንግዲህ።

አንዲት ፊደል ብቻ ናት፣ ታ ሳይሆን ጣ ነው አልኳት። መታሽ ማለት ሌላ መሆኑን፣ ሰውዬውም ማንን መታሁ ያሏት ለዚያ መሆኑን ነገርኳት። ጣ ስትይ ምላስሽን አጥብቀሽ ልቀቂው ብዬ ራሴ ጣ አልኩላት። ሁለት ጊዜ ታ አለች። በሦስተኛው ጣ አለች።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

ለሁሉም መልስ የማላጣ ሴት ነኝ፤ በሆስፒታሉም በቤተ ክርስቲያኑም ምላሴን የማያውቅ የለም። ለዚህ ያገኘሁት ሳቁ በልጦብኝ ነው የሚል ብቻ ነበር። ጽሑፏን ልትሰርዘው እርሳሱን ስታነሳ ተዪው ብዬ ተቀበልኳት። እንኳን ደህና መጣሽ ለተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው፣ ሳናስበው የምንለው ነው። ጓንቴን አውልቄ ባዶዋ መስመር ላይ «እንኳን ደህና ቆየሽኝ» ብዬ ጻፍኩ።

በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብላ አነበበችው። አልሳቅሁም።