ያልተጠራው ወንድም

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ከችሎቱ ጥግ ተቀምጣ የሰውን ጠብ በታይፕ ስትመታ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ አንድ ነገር ገብቷት ነበር፤ ሰው የሚካሰስበትና ውስጡን የሚበላው ነገር ብዙ ጊዜ ለየቅል ነው። ይህን ያወቁ ጎረቤቶች ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት እሷ ዘንድ ጎራ ማለት ለመዱ።

አንድ ሰሞን ሁለት ወንድማማች አናጢዎች መጡ። አብረው እንዳይመስላችሁ፤ ታላቅየው ጠዋት፣ ታናሽየው ከሰዓት። አባታቸው ባወረሳቸው አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ዓይንና ናጫ ሆነው ሠርተዋል። አንዱ መዶሻ ሲያስፈልገው ደንበኛውን "እስቲ ያንን ሰውዬ መዶሻ አቀብለው በልልኝ" ይል ነበር። አሁን ታናሽየው ቤቱ እኩል ለሁለት በግድግዳ ይከፈል አለ። ታላቅየው ደግሞ፣ መሐል ላይ በሲሚንቶ የተተከለው የመጋዝ ማሽን የት ሊገባ ነው ባይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም ምግብ ጠረጴዛዋ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ማንም የራሱን ቅሬታ እንዳያነሳ፣ ይልቅ እያንዳንዱ የወንድሙን ቅሬታ እንዲናገርለት፣ የቅሬታው ባለቤት "አዎ፣ እሱ ነው" እስኪል ድረስም እንዳያቆም ነገረቻቸው።

ታላቅየው ይቺማ ቀላል ናት ብሎ ስለ ግድግዳው ጀመረ። ታናሽየው ራሱን ወዘወዘ። ስለ ድርሻ ሞከረ፤ አሁንም አይደለም። እሷም አልጎተጎተችውም።

"እናታችን ልትሞት ስትል አልጠራኸኝም ነው የሚለው" አለ ታላቅየው በመጨረሻ፣ እሷን እያየ።

"አዎ፣ እሱ ነው።"

ተራው የታናሽየው ሆነ። ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው፣ "ለምን እንዳልጠራሁህ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም ነው የሚለው" አለ። ታላቅየው አንገቱን ደፋ።

"እና ለምን አልጠራኸኝም?"

"አትጥራው አለችኝ። እንዲህ ሆኜ እንዳያየኝ ብላ አስማለችኝ።"

ታናሽየው ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲያሻሽ ቆየ። "ብቻህን ነበርክ?"

"ብቻዬን።"

"ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ ጋሼ?" አለ። በአራት ዓመት ውስጥ ጋሼ ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር።

እሷ ውሃ ልታመጣ ብላ ወጥታ ትንሽ ዘገየች። ስትመለስ የማሽኑን ነገር ጨርሰው ጠበቋት፤ ግድግዳው ማሽኑ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው ይቆርጥበታል። በአንድ ገጽ ጻፈችላቸው፣ ፈረሙ።

ከዚያ ወዲያ እፍ ክንፍ ያሉ ወዳጆች አልሆኑም። ሰጋቱራውን ማን ይጥረግ በሚል ዛሬም ይነታረካሉ። ለዚያ ግን አንዳቸውም ወደ እሷ አልመጡም።