ለየቤቱ ሁለት ሥር ዳሊያ

ባለፈው ዓመት በተካፈልሁበት አንድ የግብርና ጉባኤ፣ ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ ዳሊያ ተቀምጦ ነበር። ተናጋሪው ስለ ምርታማነት ሲያብራራ እኔ አበባውን ስመረምር ቆየሁ። የሠራው ሰው ዳሊያ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም፤ በግንዱ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው መውጣት የሚገባቸውን ቅጠሎች አፈራርቆ ሰክቷቸዋል። የአፈር ባለሙያ ነኝና የሌላውን ጥናት ስህተት ማየት እንጀራዬ ነው፤ ደስ ብሎኝ ግን አያውቅም። ትዝታም አልወድም፤ መስቀለኛ ጥያቄ የማይቀርብለት ምስክር ነውና። ሆኖም ጭብጨባው እስኪቀሰቅሰኝ ድረስ የነበርሁት አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ወረታ፣ አባቴ ጓሮ ውስጥ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ወደ ጎንደር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ጓሮው ወደ ፎገራ ሜዳ የሚያይ ነበር። ክረምት ሲበረታ የርብ ወንዝ ሞልቶ ይፈስና ሜዳው ሐይቅ ይመስላል፤ ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ሲግጡ ከአጥራችን ሥር ሆነን እናያቸዋለን። እንዲህ ባለ ዋልካ መሬት ላይ ዳሊያ መትከል ለአስተዋይ ሰው የሚመከር አይደለም። ሥሩ እንደ ስኳር ድንች ወፍራምና ውኃ ያዘለ ስለሆነ፣ ጥቁሩ አፈር እርጥበት ሲይዝበት ይበሰብሳል። አባቴ ይህን ያወቀው ከስሮ ነው። ከዚያ በኋላ በድንጋይ የተካበ ከፍ ያለ መደብ ሠራ፤ ዋልካውን ከወንዙ ዳር ባስመጣው አሸዋና በበሰበሰ የላም ፍግ አደባለቀው፤ ዙሪያውንም ቦይ ቆፈረለት።

አባቴ በጤና ጣቢያው ቁስል አጣቢ፣ በጊዜው አጠራር ድሬሰር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሥሮች ለሥልጠና ጎንደር በሄደ ጊዜ ከሠለጠነበት ግቢ አትክልተኛ ለምኖ፣ በካልሲ ጠቅልሎ ነው ያመጣቸው። ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ በቀጥታ ወደ መደቡ ይሄዳል። ረጃጅሞቹን ግንዶች በሸምበቆ እየደገፈ በፋሻ ቁራጭ ያስራቸዋል፤ የጎን እምቡጦቹን በጥፍሩ ቀንጥሶ አንዱ ብቻ እንዲፋፋ ይተወዋል። የተቀነጠሰው እምቡጥ ለምለምና መራራ ሽታ ጣቶቹ ላይ ይቀር ስለነበር፣ እራት ሲያጎርሰኝ ይሸተኝ ነበር። የረገፈው ሁሉ የእኛ የልጆቹ ነው፤ እኔና የጎረቤት ልጃገረዶች ቀዩን የአበባ ቅጠል በምራቃችን እያራስን ጥፍራችን ላይ እየለጠፍን የጎንደር ሙሽሮች እንሆናለን።

ሰፈሩ ግን ይስቅበት ነበር። ወንድ ልጅ አበባ ሲኮተኩት ማየት ለወረታ አዲስ ነገር ነው። እናቴ ራሷ፣ “የሰው ጓሮ ጎመን ያበላል፣ የእኛው ንብ ይቀልባል” ትል ነበር። አጥር የምትጋራን ባለሱቋ እትዬ ዘይነብ ደግሞ በየማለዳው ብቅ እያለች፣ “አያ ታደሰ፣ ይችን ቀይዋን መቼ ነው የምንድራት?” ትለዋለች። አባቴም ቀና ሳይል፣ “እርስዎ ሽማግሌ ከሆኑልኝ ነገም ይሁን፣ እትዬ” ይላል።

የዘመቻ ዘመን ልጆች ናችሁና ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ጊዜ ሁሉም ነገር ዘመቻ ነበር። በአንዱ ግንቦት ቀበሌያችን የጓሮ አትክልት ዘመቻ አወጀ። እያንዳንዱ ጓሮ የሚበላ ነገር ማብቀል አለበት፤ የማይበላ የተገኘበት መደቡ ፈርሶ ቦታው ለቀበሌው ጎመን ይውላል። እናቴ ይህን ሰምታ ስትመጣ፣ አባቴ ከኅዳር ጀምሮ በአመድና በደረቅ አሸዋ ቀብሮ ያቆያቸውን ሥሮች ለተከላ አውጥቶ ጆንያ ላይ አስጥቷቸው ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር አለባቸው ሁለት ሰዎች አስከትሎ የገባውም ያን ዕለት ነው። ገና ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሶ፣ ቆቡን ወደ ግንባሩ ዝቅ አድርጓል።

“ጎሽ! ስኳር ድንች!” አለ ጆንያውን እያየ። “እንዲህ ነው እንጂ!”

አባቴ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በዚሁ ባለቀ ነበር። ዝም አላለም።

“ስኳር ድንች አይደለም። ዳሊያ ነው፤ አበባ።”

“ጋሼ ታደሰ፣ ትእዛዙን አልሰሙም?”

“ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ አበባ ነው። ምን ልበልህ?”

አለባቸው ወደ መደቡ ዞረና ለተከታዮቹ በእጁ አሳያቸው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ የካቡን ድንጋይ መነቅነቅ ጀመረ። ያን ጊዜ የአባቴ ፊት ሲገረጣ አየሁ፤ በሰው ቁስል ላይ ሲያጎነብስ እንኳ እንዲያ ሆኖ አያውቅም። የእትዬ ዘይነብ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ የመጣው በዚህ መካከል ነው።

“አንተ አለባቸው! ሥሩ አይበላም ያለህ ማነው?”

“እርስዎ በልተውታል?”

“በልቼ ነው እንጂ! እንዲህ የወፈርሁት በምን መሰለህ?”

ተከታዮቹ ሳቁ። አለባቸው አልሳቀም፤ የተቀለደበት መስሎታል። “መልካም። ይቀቀልና እቀምሰዋለሁ። ካልተበላ መደቡ አሁኑኑ ይፈርሳል” ብሎ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

እናቴ ከጆንያው ላይ ትልልቆቹን መርጣ፣ አጥባና ልጣ ጣደቻቸው። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት የረጠበ አፈር ሽታ ነበረው። ሲበስል ከአንዱ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች፤ ፊቷ ተጨማደደ። የተቆላ ኑግ ከጨውና ከበርበሬ ጋር ወቀጠችና ትኩሱን ሥር እስኪጠቁር ድረስ ለወሰችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለዚያ አበባ አንድ መልካም ቃል የነፈገች ሴት ናት።

አለባቸው አንዱን ቁራጭ ወስዶ ለረጅም ጊዜ አላመጠ። እትዬ ዘይነብ ከአጥሩ በላይ የሚታየውን ጭንቅላቷን አላነቃነቀችም። እርሱ ግን ሁለተኛውን አነሳ።

“ኑጉ ጥሩ ነው” አለ። ቆይቶም፣ “ሥሩም... ይበላል።”

አባቴ እፎይ ከማለቱ ሌላ ነገር መጣ። አለባቸው ያገኘውን ነገር ሳያዝበት ማለፍ የማይችል ሰው ነበር። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ቆቡን አስተካከለና፣ “ይህማ ለሰፊው ሕዝብ መዳረስ አለበት። ለየቤቱ ሁለት ሁለት ሥር!” ብሎ ወጣ።

የዳሊያ ሥር የሚበቅለው ከግንዱ ጋር በተያያዘበት አንገቱ ላይ ዓይን፣ ማለትም የቡቃያ መውጫ፣ ካለው ብቻ ነው። ዓይን የሌለው ሥር የቱንም ያህል ቢወፍር አፈር ውስጥ ይበሰብሳል እንጂ አይወጣም። ይህን በቀበሌው ውስጥ የሚያውቅ ከእኛ ቤት ውጭ አልነበረም። እናቴ ነገሩን በአጭሩ ልትቋጨው ሞከረች።

“ዓይን የሌላቸውን ስጣቸው። ማን ያውቃል?”

“አንቺ!” አለ አባቴ። “በሰው ጓሮ የሞተ ነገር ቅበር ትይኛለሽ?”

ምላጩን በእሳት እየለበለበ ሥሮቹን አንድ በአንድ ከነዓይናቸው ከፈላቸው፤ የተቆረጠውንም ጎን ቁስል እንደሚያክም ሁሉ አመድ ነሰነሰበት። ሰው ሁሉ መጥቶ ድርሻውን ወሰደ፤ ሲሄዱም አባቴ “ከፍ አድርጋችሁ፣ ውኃ ከማይተኛበት” እያለ እስከ በር ይከተላቸው ነበር። ለእኛ መደብ የተረፈው ጥቂት ነው፤ ያውም ጭርንቁሱ። ያን ማታ እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ክረምቱ ገባ፤ ርብም እንደ ልማዱ ሞላ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግን ከቤታችን እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ያለው አጥር ሁሉ ቀለም ለወጠ። ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፤ አንዳንዱ አበባ የሕፃን ፊት ያህላል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የየቤቱን ቀለም እየገመትን እንወራረዳለን። አባቴን ሲስቁበት የነበሩ ሰዎች አጥራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁት ጀመር። አለባቸው ራሱ አንድ ቀን በራችን ላይ ቆሞ፣ “ጋሼ፣ የእኔይቱ አንገቷን ደፋች። ምን ሆና ነው?” አለው። አባቴ ሸምበቆውንና ፋሻውን ይዞ ተከተለው። ከዚያ በኋላ ምሽቱን ሁሉ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ሲዞር ያመሽ ነበር፤ እናቴም እራት ሲደርስ፣ “ሂጂና አባትሽን ከሰው ደጅ አምጪልኝ” እያለች ትልከኛለች። ባገኘሁት ቁጥር ወሬ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው እጁን እያወናጨፈ ሲያስረዳ ቆሜ እሰማው ነበር።

ኅዳር ሲመጣ ግንዱ ደረቀ፤ ሥሩ የሚቆፈርበት፣ በትእዛዙም መሠረት የሚበላበት ጊዜ ደረሰ። ማንም አልቀቀለውም። ይልቁንስ አንዱ በሰፌድ፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ እኛ ቤት ይመጡ ጀመር፤ እስከሚቀጥለው ክረምት እንዴት እንደሚቆይ ሊጠይቁ። በመጨረሻ የመጣው አለባቸው ነው፤ ሥሮቹን ቆቡ ውስጥ ይዟቸው ነበር።

“ለመብል ገና አልደረሱም” አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

“አልደረሱም” አለ አባቴ፣ የአመዱን ገንቦ እየከፈተለት።

ዛሬ ፎገራ የሩዝ አገር ነው። እኔም የተማርሁት አፈር ነውና ለዚያ ሩዝ የድርሻዬን ሠርቻለሁ፤ አላፍርበትም። የሰፈራችን ጓሮዎች መጋዘንና የሩዝ ወፍጮ ሆነዋል፤ የቀሩትን ቤቶች ጠርሙስ የተሰካበት የግንብ አጥር ከልሏቸዋል። ሰዎቹ ያኔ ከዛሬዎቹ ይሻሉ ነበር አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ በሥራ ዘመኔ መሬት ለምን ይዋል የሚሉ ብዙ መመሪያዎች አንብቤያለሁ፤ አንዳንዶቹንም እኔው ጽፌያቸዋለሁ፤ ስሌታቸው ትክክል ነበር። ሕዝብ ከልቡ ወዶ ሲፈጽመው ያየሁት ግን ያንን የአለባቸውን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ እርሱንም አንድ ሥር ድስት ውስጥ ሳይከት።