ግግር

ብርጭቆ ውስጥ ያለ በረዶ ላይ ውሃ ሲፈስበት የሚያሰማውን ቀጭን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ይመጣብኛል። ውጭ አገር የምንኖርበት ሰፈር፣ ኦቴሎ፣ አክስቴ በር ላይ፣ የባሏ መኪና ሞተር እየሞቀ ነበር፤ የኋላው ወንበር በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይሸታል።

ሃይስኩል ስጨርስ አክስቴ «ምን ላድርግልሽ?» አለችኝ። «የበረዶ ግግር በቅርብ ማየት እፈልጋለሁ» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ግግር» የሚለውን ቃል ከኔው ሰምታ ለኔው ቅጽል ስም አድርጋው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ድምፄ ስለሚጠፋ። «ስማ፣ ግግር ግግርን ልታይ ነው!» አለችው ለባሏ።

አክስቴ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር። ታነሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች። ወገቧ ስላለቀ እኔ ነርስ ሆኜ እንድክሳት ወስናለች፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ተናግራለች። እኔ ልማር የፈለግኩት ግን ስለ ድንጋይና ስለ በረዶ ነበር። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ተራራው ሥር ፓርክ አድርገን አቀበቱን ወጣን። አክስቴ በየመታጠፊያው እየቆመች «ሶ፣ የታለ?» ትላለች። የሸለቆው ጠርዝ ላይ ስንደርስ ከታች የመጣው ነፋስ እንደተከፈተ ፍሪጅ ፊታችንን መታን፤ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። በረዶው ነጭ አልነበረም። ጠጠር ለብሶ ግራጫ ሆኗል፤ ሰማያዊ የሚታየው ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ነው።

«ይሄ ነው? አስፋልት አይደል እንዴ!» አለች አክስቴ። «ለዚህ ነው ኦፍ የወጣሁበትን ቀን ያቃጠልኩት?» ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ልክ እንዳንቺ። ዝም ብሎ ተጋድሟል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ፈገግ ብዬ አልፈው ነበር። ግን ከታች አንድ ትልቅ ድንጋይ ከበረዶው ተላቆ ተንከባለለ፤ ድምፁ ሸለቆውን ሞላው። ሦስታችንም ደነገጥን።

«አልተጋደመም» አልኩ። «አይታይም እንጂ ይሄዳል። ይሄን ሁሉ ሸለቆ የጠረበው እሱ ነው። የምማረውም ይሄንን ነው፣ እቴቴ። ነርስ አልሆንም።»

ባሏ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። አክስቴ ማንም ያልነካውን ሳምቡሳ መልሳ ጠቀለለች። «በረዶ ማንን ቀጥሮ ያውቃል?» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። እስከ ኦቴሎ ድረስ ግግሩ እሷ ነበረች።

ባለፈው ሰመር ለሥራ እዚያው ጠርዝ ላይ ቆሜ ነበር። በረዶው ቀልጦ ሸሽቷል፤ ከታች የቀረው ራቁት ድንጋይ ነው። ኮል አድርጌ ለአክስቴ ነገርኳት። «ምነው ያኔ ደህና አድርጌ ባየሁት» አለች።

የዚያ ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ፣ ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ አንዲት እናት ጉንጬን ይዘው «ነርሳችን!» አሉኝ። አክስቴ መሬት መሬት ታያለች። ዝም ብል ማንም አይቆጣኝም ነበር፤ እሷም ከሐፍረት ትተርፋለች። የመጦሪያ ቤቱን ሎሽን የሚሸተውን እጇን ያዝኩ። ነጠላዬን ከአፌ ላይ ዝቅ አድርጌ፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ፣ «አይደለሁም፣ እማማ» አልኩ። «እኔ የምማረው ስለ በረዶ ነው።»