የሰንበት ቁራሽ

ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት በገቡበት ሰሞን ከለቡ መብራት ኃይል ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ «ዛሬ የማንንም መልስ አልበላም፤ ጾም ነው» አለ። ከኋላ አንዷ «የትኛው ጾም?» ብትለው «ሁለቱም!» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀው። እኔም ሳቅሁ። ወርጄ አስፋልቱን ስሻገር ግን ሳቄ ከፊቴ ጠፋ። ሁለቱ ጾሞች እንዲህ የተገጣጠሙበት ሌላ ዓመት ትዝ ብሎኝ ነው።

ደርግ ከወደቀ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከቡታጅራ ወዲያ ካለ ገጠር መጥቼ መካኒሳ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ ስተክል እውላለሁ። የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ሁለት ግቢ ገብቼ ዘይነባ እባላለሁ ስል «ማድ ቤቱ የጋራ ነው፤ ለአንቺም አይመችሽ» ብለው በትሕትና ሸኙኝ። ሦስተኛው ግቢ አቦ አካባቢ ነበር። ባለቤቷ እትዬ አስካለ ስሜን ሲጠይቁኝ «ዘነበች» አልኳቸው። ውሸቱ ከአፌ እንዴት ለስልሶ እንደወጣ ዛሬም ይገርመኛል። ሻሼን ወደ ኋላ አስራለሁ፤ ማተብ እንደሌለኝ እንዳይታይ አንገቴን በሻርፕ እጠመጥማለሁ።

የምጽናናበት ነገር ነበረኝ። አባቴ፣ ተገዶ በአፉ የካደን ሰው ልቡ በእምነቱ ከረጋ አላህ አይጠይቀውም ይለን ነበር። በሬን ዘግቼ እሰግድና «ልቤን እሱ ያውቃል» እላለሁ። ግን ማን አስገደደኝ? ሰይፍ የመዘዘብኝ የለም። ያስገደደችኝ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት።

ጾሞቹ ሲገቡ መጀመሪያ እፎይ አልኩ። በጾመኛ ግቢ ውስጥ ጾመኛን ማን ልብ ይለዋል? እትዬ አስካለ ግን አዩኝ። እሳቸው በዘጠኝ ሰዓት ሹሯቸውን ሲቀምሱ፣ እኔ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ እንኳ አልነካም። «እቺን ልጅ እዩልኝ፤ የኔስ ምኑ ጾም ነው!» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። ባመሰገኑኝ ቁጥር ሻርፔን አጠብቃለሁ።

ከስንት ዓመት ስለት በኋላ ሴት ልጅ ወልደው ነበር። ከሥራ ስገባ ተቀብዬ የማቅፋት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እጄን ያዝ አደረጉና «ዘነቡዬ፣ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ነው። እንዳንቺ እግዜርን የሚፈራ አላየሁም። ክርስትና እናቷ ሁኚልኝ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። እምቢ ብል ምን ምክንያት እሰጣለሁ? ክርስትና እናት ካህኑ ፊት ቆማ፣ አፍ ስላልፈታችው ልጅ ሃይማኖቷን በአፏ ትመሰክራለች። የራሴን ምስክርነት የደበቅሁ ሴት፣ በሌላ ሰው ሕፃን ስም የማላምነውን ልመሰክር ነው። አላህን ፈራሁ፣ እትዬ አስካለን ፈራሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ስታየኝ ፈገግ የምትለውን ሕፃን ፈራኋት።

እሁድ ቀን የንስሐ አባታቸው ስለ ጥምቀቱ ሊነጋገሩ መጡ። እትዬ አስካለ የጋገሩትን ዳቦ ባርከው ቆረሱ። እኔ ሕፃኗን አቅፌ በሩ ሥር ቆሜያለሁ።

«ጾመኛዋ ልጅ እቺ ናት፣ አባ» አሉ እትዬ አስካለ በኩራት። «ቅዳሜና እሁድ እንኳ እስከ ማታ አትቀምስም!»

ሕፃኗን ወደ ደረቴ አስጠጋኋት። ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ሰንበት ሥጋና ወተት ባይነካም፣ እህል ሳይቀምስ አይውልም። ይህን አውቃለሁ፤ ረመዳን ግን ቅዳሜና እሁድ የለውም። እትዬ አስካለ ከእምነት ብዛት መስሏቸው ዝም ብለውኝ ነበር። ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰንበት እንዲህ አይጾምም። ሥርዓት አይደለም። እንኪ፣ ቅመሺ» ብለው ቁራሹን ዘረጉልኝ።

ተቀበልኩ። ገና ትኩስ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ይሸታል። መጉረስ ብቻ ነበር የቀረኝ። አንዴ ብጎርስ ቤቱም፣ ስሙም፣ ፍቅሩም እንደነበረ ይቀጥላል። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል።

«አልችልም፣ አባ። ጾም ነኝ።»

«የማንን ጾም?» አሉ ቀስ ብለው።

«የረመዳንን።»

ድምፄ እንኳን ለግቢው ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም። እትዬ አስካለ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሕፃኗን ከክንዴ ላይ ወሰዱ።

«ስምሽስ?»

«ዘይነባ።» እንባዬ መጣ። «ልቤ ግን ክፉ አይደለም፣ እትዬ። ልቤን አላህ ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል» አሉ። «እኔ ግን ያለኝ አንቺ የነገርሽኝ ብቻ ነው።»

ቄሱ ቁራሹን ከእጄ መልሰው ወሰዱና «ጾምሽን ጨርሺ፣ ልጄ» አሉኝ።

እትዬ አስካለ ከቤቴ ውጪልኝ አላሉኝም። ከሥራ ስገባ ግን ልጃቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ከዒድ በኋላ በራሴ ፈቃድ ለቅቄ ፉሪ ገባሁ። ስሰናበታቸው «ደህና ሁኚ» አሉኝ። ስሜን አልጠሩም፤ የቱን እንደሚጠሩ የጨነቃቸው ይመስለኛል።

አሁን ልጆቼ ያፍሩብኛል። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ አዲስ ጎረቤት ዘንድ፣ ገና ሰላም ከማለቴ «ዘይነባ እባላለሁ፣ ሙስሊም ነኝ» እላለሁ። «እማ፣ ማን ጠየቀሽ?» ይሉኛል። አባቴ ልክ ነበር፤ አላህ ልብ ያለውን ለማወቅ አፍ አያስፈልገውም። ሰው ግን ያስፈልገዋል። ልጆቼ ድፍረት ይመስላቸዋል፤ ፍርሃት መሆኑን አልነግራቸውም። ሰው ሳያውቀኝ እንዳይወደኝ እፈራለሁ።