ጥዷ ምን በላች?

አውኔ ገንፎ ስትበላ እንኳ ማንኪያዋን አገላብጣ ታያለች። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ለሷ የተተረተ ይመስለኛል። በእንጨት ክምሯ አናት ላይ ያለችውን ፍልጥ ልጧን ወደ ላይ አድርጋ ታስቀምጥና፣ ጠዋት ወጥታ ያው እንደሆነች ታረጋግጣለች። እኛ የሃውኪቫራ መንደር ሰዎች ከቤት ስንወጣ በሩ ላይ መጥረጊያ አስደግፈን እንሄዳለን። መጥረጊያ ከቆመ ሰው የለም ማለት ነው፤ የመጣም ይመለሳል። አውኔ ግን መጥረጊያውንም ታስደግፋለች፣ ቁልፉንም ትቆልፋለች፣ ቁልፉን ደግሞ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እንዲህ ያደረጋት የሪኩ ነገር ነው።

ሪኩ ውሻዋ ነበር፤ ግራጫ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ ሙስ አሳዳጅ። ሙስ ከፈረስ የሚገዝፍ የጫካችን ቀንዳም ነው፤ መከር ሲገባ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ለሱ ይወጣል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታዲያ በአንድ የአደን ቀን ሪኩ ጫካ ገብቶ ሳይመለስ ቀረ። አዳኞቹ ተመልሰው እሳት ዙሪያ ሲቀመጡ ጎረቤቷ ካውኮ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። አውኔ ይህን አየች። ለሷ ይኼ በቂ ነበር።

«ውሻዬን የገደለው ካውኮ ነው» አለችው ለባሏ ለሬይኖ።

«ማስረጃ የለሽም፤ ተይው» አላት።

አልተወችውም። እኛ ዘንድ በአደን ላይ ውሻ በጥይት የመታ ሰው ከአዳኞች ማኅበር ይባረራል፣ ስሙም እስከ ልጅ ልጁ አይጠራም። ማስረጃ ስላጣች ልታስባርረው አልቻለችም፤ ከራሷ ደጅ ግን አባረረችው። «የሪኩን መጨረሻ እስካላወቅሁ ድረስ ሰላምታዬን አያገኝም» ብላ ማለች። ካውኮና ሬይኖ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብረው ዓሣ ያጠመዱ፣ አብረው ሳውና፣ ማለትም የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ የገቡ ሰዎች ነበሩ። ሬይኖ ከአራት ክረምት በፊት ልቡ ከድቶት ሲሞት፣ አውኔ ካውኮን ከቀብሩ ከለከለችው። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ በረዶ ውስጥ ቆሞ ቀረ። እኔ ያን ቀን ተናድጄባት ነበር፤ ነገር ግን ከአውኔ ጋር መከራከር ከበሬ ጋር መጋፋት ነው።

አሁን ወደ ሥራዋ ልምጣ። አውኔ ለደን ምርምር ጣቢያው የጥድ ቅጠል ትለቅማለች። እዚህ ያለው ጥድ ቅጠሉ መርፌ መርፌ ነው፤ በዚያ መርፌ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ዛፉ ከመሬት ምን ያህል ምግብ እንዳገኘ ይናገራል። የሚለቀመው በየካቲት፣ በክረምቱ በረዶ መካከል፣ ዛፉ በተኛበት ሰዓት ነው፤ ዛፍ ካልተኛ ምግቡን ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሰዋል። ደግሞም ከአናቱ፣ ፀሐይ ከሚያገኘው ቅርንጫፍ መሆን አለበት። እዚያ አናት ላይ ማን ይወጣል? አውኔ በጠመንጃ መትታ ትጥለዋለች። እኔ ሄልቪ፣ በበረዶ ሞተሬ አመላልሳታለሁ፣ የወደቀውንም አነሳለሁ።

«በባዶ እጅሽ ነካሽው!» ትለኛለች።

«ጓንት አድርጌያለሁ፣ አታይም እንዴ?»

«አፍንጫሽን ነክተሽበታል። አይቼሻለሁ።»

ናሙና የሚወሰድባቸው ዛፎች ግንዳቸው ላይ ሰማያዊ ቀለበት ተቀብተዋል። የተቀባ ዛፍ አይቆረጥም፣ ሥሩም አይቆፈርም፤ የግንድ ቆራጮቹ ማሽን እንኳ ዞሮት ያልፋል። ይህን ለመንደሩ ያስተማረችው አውኔ ናት። ማስተማር ከተባለ፤ ማስፈራራት ቢባል ይሻላል።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ከጣቢያው ኪርሲ የምትባለው ተመራማሪ ደወለች። ቡና እየጠጣን ነበር፤ አውኔ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ምስክር እንድሆናት ነው።

«አውኔ፣ ኮረብታው ላይ ያለችው አንዷ ጥድ ናይትሮጅኗ ከጓደኞቿ በጣም ይበልጣል» አለች ኪርሲ። «ባለፈውም እንዲሁ ነበር፤ ስህተት ነው ብለን አልፈነው ነበር። ምናልባት ናሙናው ተደባልቆብሽ ይሆን?»

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«ኧረ በፍጹም! ብቻ—»

«እዚያ 'ብቻ' ላይ ነው ነገሩ። ደግሜ አመጣልሻለሁ። እንደገና ያው ከሆነስ?»

«ያው ከሆነማ ጥዷ የሆነ ነገር በልታለች። አሸዋ ላይ የበቀለ ጥድ እንዲህ አይጠግብም።»

አውኔ ስልኩን ዘጋችና በመስኮቱ ወደ ካውኮ ቤት አየች። «ያ ሰውዬ ዛፌን ማዳበሪያ እያበላ ነው» አለች።

«ለምን ብሎ?»

«ሥራዬን ሊያበላሽብኝ! ውሻዬን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ እንጀራዬን።»

ሳቄ መጣ፤ ነገር ግን በማግስቱ ኮረብታው ላይ ስንደርስ ሳቄን ዋጥኩት። በአዲሱ በረዶ ላይ የመንሸራተቻ ዱካ ነበር። ከካውኮ ቤት ተነሥቶ፣ ቀጥ ብሎ ሰማያዊ ቀለበት ወዳላት ጥድ ሄዶ፣ እግሯ ሥር ቆሞ፣ በመጣበት ተመልሷል። ሌላ ዛፍ ጋ አልደረሰም። አውኔ ዱካውን በጣቷ አሳየችኝ። እኔም ብሆን ጠረጠርኩ። ሰው በዚያ ብርድ አንድ ጥድ ጋ ሄዶ ምን ይሠራል?

የተደገመውም ናሙና ያው ሆነ። አውኔ የቀረውን ክረምት መስኮቷ ላይ ቆማ አሳለፈችው። ካውኮ ሱቅ ሲሄድ ምን እንደሚሸከም ታያለች፤ ጆንያ ከያዘ ልቧ ይቆማል፣ ጆንያው የድንች ሲሆን ደግሞ የበለጠ ትናደዳለች። መሬቱ በረዶ ሆኖ ስለተጋገረ መቆፈር አይቻልም። ግንቦት እስኪደርስ ፊቷ ከስቶ አጥንቷ ወጣ።

በረዶው ሲቀልጥ አካፋ ይዘን ወጣን። ጥዷ ሥር ያለው ሣር ከሌላው ቦታ ለምለም ነበር።

«አየሽ? አየሽ ወይ?» አለችኝ። «ማዳበሪያውን እዚህ ጋ ነው የቀበረው።»

«የተቀባ ዛፍ ሥሩ አይቆፈርም ስትዪ አልነበር?»

«ዝም ብለሽ ቆፍሪ።»

ብዙም ሳንቆፍር አካፋዬ አጥንት ነካ። ከዚያ ሌላ አጥንት። ከዚያም ዝገት የበላው የውሻ አንገት ማሰሪያ ዘለበት ወጣ። አውኔ ተንበረከከችና በጓንቷ አፈሩን ጠረገችው። አላለቀሰችም። «ሪኩ» አለች ብቻ። ወዲያው ደግሞ ቀና ብላ፣ «ይኸው! ይኸው ማስረጃዬ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላመናችሁኝም!» ብላ ጮኸች።

እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁ። አጥንቶቹ በሱፍ ተጠቅልለው ነበር። የተበጣጠሰ፣ የጠቆረ የሱፍ ሹራብ፤ በላዩም ከቀንድ የተሠሩ ቁልፎች። ቁልፎቹን አውቃቸዋለሁ። አውኔ እራሷ በቢላ ቀርጻ ለሬይኖ ሹራብ የሰፋቻቸው ናቸው። ሬይኖ ያን ሹራብ «አደን ላይ ጠፋብኝ» ብሎ ነበር።

«አውኔ፣ ይኼ የሬይኖ ሹራብ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

አንዱን ቁልፍ አንሥታ ለረጅም ጊዜ አገላበጠችው። «ካውኮ ሰርቆት ነው» አለች። ድምፁ ግን የሷ አይመስልም ነበር።

«አልሰረቅሁም» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ።

ካውኮ ነበር። የአውኔን ጩኸት ሰምቶ ነው የመጣው፤ ያለ ኮፍያ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ። ከሪኩ ቀን ወዲህ ሁለቱ እንዲህ ተቀራርበው ሲቆሙ አይቼ አላውቅም።

«እንግዲህ ተናገር» አለችው። «ውሻዬን ገድለህ፣ በባሌ ልብስ ጠቅልለህ እዚህ ጣልከው?»

«አብረን ነው የቀበርነው።»

«ከማን ጋር?»

ካውኮ ቁልፉን እጇ ላይ አየው።

«ካውኮ፣ ከማን ጋር?»

«ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊው? እያወቅሽው?» አለ። «ጭጋግ ነበር። ግራጫ ነገር ቁጥቋጦ ውስጥ ተንቀሳቀሰ፤ ሬይኖ የሙስ ግልገል መስሎት ተኮሰ። ስደርስ ውሻውን አቅፎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሹራቡን አውልቆ የጠቀለለው እሱ ነው። 'አውኔ ካወቀች ከዛሬ ጀምሮ ባል የለኝም ትላለች፤ ማል' አለኝ። ማልኩ።»

«ውሸት ነው።»

«ይሁን።»

«ውሸት ነው! እኔ የቀባሁት ዛፍ ሥር? የራሴ ዛፍ ሥር?»

«እሱ ነው የመረጣት» አለ ካውኮ። «'አውኔ የቀባችውን ዛፍ ማንም አይነካም፤ ሪኩ በሰላም ይተኛል' አለ።»

«ቂል! እኔ እየመጣሁ ቅጠሏን እንደምወስድ አያውቅም?»

«ይኼንኑ ነገርኩት። 'እሷ የምትወስደው ከአናት፣ እኛ የምንቀብረው ከሥር፤ ምን ያገናኘዋል?' አለኝ።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ አመለጠኝ። ያ ሬይኖ ነው፤ ቁርጥ ሬይኖ። አውኔም ይህን ስትሰማ ነው ያመነችው። ፊቷ ላይ አየሁት፤ ማንም ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደማይናገር ታውቃለች። አፈሩ ላይ ተቀመጠች። በየማዕዱ ካውኮን ስትረግም፣ ባሏ ከፊቷ ዳቦውን እየቆረጠ «ማስረጃ የለሽም» ይላት የነበረው ሁሉ ትዝ ሳይላት አልቀረም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ፍልጡን የምትጠረጥር፣ ጓንቴን የምትጠረጥር ሴት፣ አጠገቧ የሚተኛውን ሰው አንድ ቀን አልጠረጠረችም።

«ክረምት ላይ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?» አለችው ቀስ ብላ። «ዱካህን አይቻለሁ።»

«ሬይኖን ልሰድበው ነው የምመጣው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መሳደብ ነውር ነው።»

«ከሞተ በኋላ ለምን አልነገርከኝም? መሐላው ከሱ ጋር ተቀበረ እኮ!»

ካውኮ ጥዷን ተደገፈ። «ከሱ ትዝታ በቀር ምን ቀረሽ?» አላት። «እኔን እንደሆነ ጠልተሽ ጨርሰሻል። ሁለታችንንም ጠልተሽ ከማን ጋር ልትኖሪ ነበር?»

አውኔ የያዘችውን ቁልፍ መልሳ ሹራቡ ላይ አስቀመጠች። ሪኩንም መልሰን ቀበርነው። ወደ ቤት ስንመለስ ኪርሲ ጋ ደወለችና፣ «ጥዷ አልዋሸችም፤ ሥሯ የሞተ እንስሳ አለ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ» ብላ ዘጋችው።

እኛ አገር ይቅርታ በአፍ አይጠየቅም። ሰው ሳውናውን ያሞቅና «ሞቋል» ብሎ ይልካል። ቅዳሜ አውኔ ሳውናዋን አሞቀች፤ መልእክቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ካውኮ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ፤ ግን ደረጃው ሥር ሲደርስ ቆመ። መጥረጊያው በሩ ላይ አልተደገፈም፣ በሩም ክፍት ነው፤ እሱ ግን እንደ ለማኝ ውጭ ቆሟል።

«ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ!» አልኩት እኔ።

«እሷ ትበለኝ።»

አውኔ ወደ በሩ ወጣች። እንዲገባ ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እሷ ግን የቆመበትን ቦታ አየች፣ ኮፍያ የሌለውን ራሱን አየች።

«የቀብሩ ቀን» አለችው፣ «አጥሩ ጋ... ብርድ ነበር ወይ?»

«በጣም» አለ ካውኮ።