እንደ ጌሾ የመለመልነው አበባ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ሲይዝ እናቴ ቤት ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤታችን በጦርነቱ ተዘግቶ፣ እስኪረጋጋ ብዬ ነበር የመጣሁት። አልተረጋጋም። አባቴ ጫካ ገባ፤ እኔና እናቴ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላውን እንዳናልፍ ታገድን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከቤት እስከ ምንጭ፣ ከምንጭ እስከ ቤተ ክርስቲያን፤ ዓለሜ ይኸው ነበር። የጣራችንን እንጨት ስንት ጊዜ እንደቆጠርኩት ብናገር ሰው ያፍርልኛል።

የግቢያችንን ገሚስ አንድ ጣሊያናዊ መኮንን ወሰደው። ክፉ ነበር ማለት አልችልም፤ ደግ ነበር ማለትም አልፈልግም። ካገሩ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያስመጣውን ቁጥቋጦ በራችን ትይዩ ተከለው። የምንግባባው በፈረንሳይኛ ነበር፤ የሱም የኔም የተሰባበረ። ብርዱ ሲያልቅ፣ ቅጠሉ ሳይወጣ፣ ባዶው እንጨት ላይ ቢጫ አበባ ያወጣል አለኝ።

"ውሃ አጠጪው። ያበበ ዕለት ፎቶግራፍ አንስቼ ለእናቴ እልካለሁ፤ ያንቺንም የይለፍ ወረቀት እፈርማለሁ።"

"በአምላክ?"

"በእናቴ" አለ።

ወረቀቱ እጄ ከገባ በደጀን ወርጄ፣ አባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ልገባ ቆርጬ ነበር። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ ጀምሮ በየቀኑ ከምንጭ ውሃ ተሸከምኩለት። አንዲት ጎረቤታችን አንድ ቀን ምንጩ ላይ ያዘችኝ።

"አንቺ፣ አባትሽ ጫካ ለጫካ ይንከራተታል፤ አንቺ ለጣሊያን ቅጠል ውሃ ትቀጂያለሽ?"

"ቅጠል አይደለም፤ መውጫዬ ነው።"

"እንግዲያስ ውጪበት! ገንቦሽን ግን ከፊቴ አንሺልኝ።"

መኮንኑ በሮብ ገበያ በኩል ለዘመቻ ሲወጣ ቁጥቋጦውን ለኔ ትቶ ሄደ። ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲበረታ ቅጠሉ ረገፈ። ጥር ሲገባ ደግሞ ባዶው ቅርንጫፍ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ወጡበት። ደንግጬ እናቴን ጠራኋት። እናቴ በጌሾ ተክሏ የታወቀች ናት፤ የሰፈሩ ጠላ የሚጠነሰሰው በሷ ጌሾ ነበር። እብጠቱን በጥፍሯ ጫር አደረገችው።

"እከክ ይዞታል" አለች።

"ምን ይሻላል፣ እማዬ?"

"ምን ይሻላል ትላለች እንዴ! ይህን አሮጌ እንጨት ተሸክሞ ምን ሊሆን? ጌሾ እኮ ካልቆረጥሽው አያቆጠቁጥም። በይ ማጭድ አምጪ።"

ማጭዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ክንድ ያህል እስኪቀር መለመልነው። በሽታው እንዳይዛመት ቁርጥራጩን አቃጠልነው።

ደግሞም ሠራ! በየካቲት መጨረሻ እንደዚያ ያለ ልምላሜ አይቼ አላውቅም። እናቴ ጎረቤት እየጠራች ታሳያለች። እኔ ልብሴን አጥቤ አጣጠፍኩ።

መጋቢት ላይ መኮንኑ ተመለሰ። ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣና ቆሞ አየው።

"አበባው የታለ?"

"ገና ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ..."

"ቅጠሉ አይቀድምም ብዬሻለሁ።" ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን ዳሰሰ። "ማን ነው የቆረጠው?"

እናቴ ቋንቋውን ባትሰማም ነገሩ ገባት። "እኔ ነኝ በይው! ባልቆርጠው ሞቶ ነበር በይው!" አለችኝ ከበሩ ላይ ሆና፤ ምስጋና ትጠብቃለች።

ሁሉንም ነገርኩት፤ እብጠቱንም ጭምር። ሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እብጠት ያላችሁት እምቡጡ ነው። የሚያብበው ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ነው።"

"ወረቀቴስ?"

"ለከርሞ።"

"ከርሞ እዚህ የምትኖር ይመስልሃል?" አልኩት። አፌ አያርፍም። ካሜራውን ከድኖ ገባ።

"ምን አለ? ወደደው?" አለች እናቴ።

ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"እንዳትሄጂብኝ ብዬ ሆን ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስልሽ።"

"አልመሰለኝም" አልኳት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ መስሎኝ ነበር።

እሷ ስትገባ ቁጥቋጦውን ነቅዬ ልጥለው ሥሩን ያዝኩት። ግን ከነቀልኩት ለከርሞም የለኝ። ለቀቅሁት። በማግስቱ እሾህ ቆርጬ ዙሪያውን አጠርኩለት፤ በግ እንዳይደርስበት አይደለም፤ የእናቴና የኔ እጅ እንዳይደርስበት ነው።